ምጣድ ሲሰካ የሚደክም መብራት

መብራት በተቆራረጠ ቁጥር አንድ ወቀሳ ይነሳል፤ ሕዝቡ ኃይል ያባክናል። ምጣድ በምሽት አትሰኩ፣ ቦይለር አጥፉ ይባላል። ሕዳሴ ግድብ ግን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ታዲያ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዲት እናት እንጀራ ስትጋግር የጎረቤቷ አምፖል ለምን ይደክማል?

መልሱ ያለው ግድቡ ጋ ሳይሆን ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ቆጣሪው ባለው ሽቦ ላይ ነው። አብዛኛው መኖሪያ ቤት የሚገባለት ሲንግል ፌዝ፣ 220 ቮልት ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ይወስዳል፤ 1.5 ኪሎ ዋት ቦይለር ሲጨመርበት 23 ይጠጋል። ይህን በአንድ ፌዝ ላይ በተደረደሩ አሥር ቤቶች አባዙት። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። አባካኙ እንግዲህ ማን ነው? ፌዞቹ ሚዛን ሳይጠብቁ ተጭነው ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን ደግሞ 220 የለመደ ፍሪጅ ወደ 380 የተጠጋ ቮልት ሊቀበል ይችላል።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከለከለ። መልካም። ነገር ግን 7 ኪሎ ዋት የቤት ቻርጀር 32 አምፔር ገደማ ነው፤ ሁለት ምጣድ ለሰዓታት ጥዶ እንደመተው ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ተጠቀሙ ብሎ አዝዞ ሽቦውን እንደነበረ መተው፣ ከዚያም ተጠቃሚውን መውቀስ ምን ይባላል?

ጀርመን ተመሳሳይ ችግር ገጥሟታል፤ እዚያ መስመሩን ያስጨነቀው ቤት የሚያሞቀው ሂት ፓምፕና የመኪና ቻርጀር ነው። ከ2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ፣ ከ4.2 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ የመስመሩ ባለቤት «አቅም የለኝም» ብሎ መከልከልም ማዘግየትም አይችልም። መስመሩ ሲጨናነቅ ፍጆታውን ለጊዜው ዝቅ ያደርጋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም፤ ደንበኛውም በምላሹ የመስመር ክፍያ ቅናሽ ያገኛል። ግዴታው በሁለቱም ወገን ነው። እዚህ ያለው ግዴታ ግን የደንበኛው ብቻ ነው።

የሚገርመው፣ ያ ሂት ፓምፕ ከጀርመን ብርድ ይልቅ ለአዲስ አበባ አየር ይስማማል። እንደ ተገለበጠ ፍሪጅ ነው፤ ሙቀቱን ከውጭ አየር ስቦ ውሃው ውስጥ ያስገባዋል። ስለዚህ ለተመሳሳይ ሙቅ ውሃ የተራውን ቦይለር ሲሶ ያህል ኃይል ይበቃዋል፤ 7 አምፔር የነበረው ወደ 2 ተኩል ይወርዳል። ያንን ደግሞ አሁን ያለው ሲንግል ፌዝም ይችለዋል። (ምጣድን አይተካም፤ እንጀራ የሚጠይቀው ሙቀት ሌላ ነው።)

ውድ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ከተራው ቦይለር በእጅጉ ይወደዳል። ግን ትራንስፎርመር መቀየርም ነፃ አይደለም፤ የተቃጠለ ፍሪጅም እንደዚያው። ለመኪናው የተደረገው የቀረጥ ማበረታቻ ለውሃ ማሞቂያ የማይሆንበት ምክንያት የለም። እስከዚያው ቆጥቡ የሚለው ተቋም በየሰፈሩ ትራንስፎርመር ላይ አቅሙን፣ የተሸከመውን ቤት ብዛትና የእያንዳንዱን ፌዝ ጭነት ጽፎ ይለጥፍ። ያኔ ማን እንዳባከነ ሰፈርተኛው ራሱ ቆጥሮ ይደርስበታል።