የጠፋው ሽጉጥ

አንባቢ ሆይ፤ በአውቶቡስ ውስጥ ኪስ አውላቂ አግኝቶዎት ያውቃልን? የሄደው ገንዘብ እንደ ሆነ ሌባውን ረግመው፥ አንድ ሁለት ቀን ተናደው ይተዉታል። የሄደው ሽጉጥ፥ ባለ ሽጉጡም ፖሊስ ቢሆንስ?

አኪራ ኩሮሳዋ የተባለው ጃፓናዊ የፊልም አዘጋጅ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1949 ያወጣው «ኖራ ኢኑ» የሚነሣው ከዚህ ነው። ስሙ በቋንቋችን «ባለቤት የሌለው ውሻ» ማለት ይሆናል። ቶኪዮ በበጋ ሐሩር ስትቃጠል፥ ሙራካሚ የሚባል ወጣት መርማሪ በሰው በተጨናነቀ አውቶቡስ ሲሄድ ኮልት ሽጉጡን ይሰርቁታል። ውስጡ 7 ጥይት ነበረበት። በኀፍረት የስንብት ማመልከቻ ጽፎ ቢያቀርብ አለቃው ወረቀቱን ቀደደው።

ሙራካሚ የተቀዳደደ የወታደር ልብስ ለብሶ በጥቁር ገበያ ይንከራተታል። ይህ ክፍል ያለ ንግግር ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፤ አጠገቤ የነበረው ወዳጄ እንዲያውም አንቀላፍቶ ነበረ። እኔ ግን ባያጥር እወዳለሁ። የሚታየው ገበያ እውነተኛው ገበያ ነውና፤ ኋላ በ1954 «ጎጂራ»ን የሠራው ኢሺሮ ሆንዳ ካሜራ አሸሽጎ ያስነሣው ነው። በጦርነት የተሸነፈ አገር ሕዝብ እንዴት ውሎ እንዴት እንደሚያድር በዓይንዎ ያዩታል።

ቀጥሎ ጥይቶቹ መመለስ ይጀምራሉ። አንዲት ሴት ተዘርፋ ትቈስላለች፤ ጥይቱ ሲመረመር ከሙራካሚ ሽጉጥ የወጣ ሆኖ ተገኘ። ሌላይቱ ትሞታለች። ለሌሎች መርማሪዎች ወንጀል የሆነው ነገር ለእርሱ ሒሳብ ነው፤ ስንት ቀረ? ቶሺሮ ሚፉኔ ያን ጊዜ የ29 ዓመት ጐልማሳ ነበረ፤ ጭንቀቱን ከአፉ ይልቅ በላቡና በዓይኑ ይናገራል። ባልደረባው ሽማግሌው ሳቶ (ታካሺ ሺሙራ) ሌባው ያንተን ባያገኝ ሌላ ሽጉጥ ያገኝ ነበረ እያለ ያጽናናዋል፤ ልጁ ግን አይጽናናም።

የሚፈለገው ዩሳም ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር ነው። ሲመለስ በባቡር ውስጥ ያለችውን አንዲቱን ቦርሳ ሰረቁትና ከዚያ ወዲያ ወደ ክፋት ሄደ። ጉዱ ግን ሙራካሚም ሲመለስ ቦርሳውን ተሰርቆ ነበረ! እርሱ ፖሊስነትን መረጠ። ሳቶ ለወንጀለኛ ማዘን አይወድም፤ የተበደሉትን አስቡ ባይ ነው። እኔም እስከ መጨረሻው ከሳቶ ጋር ነበርሁ።

በመጨረሻው ሙራካሚ ባዶ እጁን ዩሳን በጫካ ያሳድደዋል። ክንዱን ይመታል፤ ሆኖም አይመለስም። በአቅራቢያው ካለ ቤት የፒያኖ ድምፅ ይሰማል። ሁለቱ በጭቃ ተያይዘው ይንከባለሉና ጎን ለጎን ተዘርግተው ያለከልካሉ፤ ልብሳቸው በጭቃ ተለውሶ ፖሊሱን ከሌባው መለየት ያስቸግራል። ሕፃናት እየዘመሩ ሲያልፉ ዩሳ እንደ ቈሰለ አውሬ ጮኾ አለቀሰ።

ሳቶ ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ዩሳን ውሎ አድሮ ትረሳዋለህ ይለዋል። የሙራካሚን ፊት ይመልከቱና እርስዎ ይፍረዱ።