ትንፋሽን ከመቁጠር በፊት ማስተማር

የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሕሙም ቁስሉ ስለሚያመው በጥልቀት አይተነፍስም፤ ሳልንም ይሸሻል። በዚህ ምክንያት የሳንባው ታችኛ ክፍል የአየር ከረጢቶች ይኮማተራሉ፣ አክታ ይጠራቀማል፣ የሳንባ ምችም ሊከተል ይችላል። የአተነፋፈስ ልምምድ የሚታዘዘው ይህን ለመከላከል ሲሆን፣ ትእዛዙ ግን ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል። ልምምዱን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የመከታተል ሐሳብ የመነጨው ከዚሁ ችግር ነው።

ሐሳቡ መሠረት የለሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የታተመና 160 የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በስፓይሮሜትር ላይ የተገጠመ አስታዋሽ ደወል ታካሚዎቹ ልምምዱን አዘውትረው እንዲሠሩ እንደረዳ አሳይቷል። ይሁን እንጂ በ28 የአፍሪካ አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ሰፊ ጥናት፣ ለአደጋ ይበልጥ የተጋለጡ ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና በኋላ የተጠናከረ ክትትል እንዲያገኙ ቢሞከርም ሞት አለመቀነሱን ገልጿል። ክትትል በራሱ ሕክምና አይደለም፤ የታየውን አይቶ እርምጃ የሚወስድ እጅ ይሻል።

በአንጻሩ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 441 ታካሚዎችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት በፊዚዮቴራፒስት የተሰጠ የ30 ደቂቃ ትምህርት የሳንባ ችግሮችን በግማሽ ያህል እንደቀነሰ አረጋግጧል። ትምህርቱ ውድ መሣሪያ አላስፈለገውም።

ለምዕራብ ሸዋ ትርጉም ያለው ይህኛው ግኝት ነው። ከጌዶ፣ ከጊንጪ ወይም ከጉደር ወደ አምቦ ለቀዶ ሕክምና የሚመጣ ሕሙም አብዛኛውን ጊዜ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው፤ ሌሊቱን ከአጠገቡ የሚያድረውም አስታማሚው ነው። ልምምዱንና የታጠፈ ጋቢ በቁስሉ ላይ ይዞ የማሳልን ዘዴ ሁለቱም በቋንቋቸው፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ሊማሩ ይገባል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመሣሪያ መመሪያ ይህን አይተካም።

የአስታማሚ ቆጠራ ከመሣሪያ ቆጠራ ያነሰ ትክክለኛነት ይኖረዋል የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። ስለዚህም መሣሪያው በጥናት ውስጥ ቦታ አለው፦ ትምህርት ብቻ ያገኙትን፣ ትምህርትና መሣሪያ ካገኙት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ውጤቱ ግን መለካት ያለበት በትንፋሽ ብዛት ሳይሆን በሳንባ ምችና በአልጋ ላይ በቆዩ ቀናት ነው። ቁጥሩ አምሮ ሕሙሙ ካልዳነ፣ ጥናቱ የመዘገበው መሣሪያውን እንጂ ሰውየውን አይደለም።