ለእርጅና የተተከለው ባሕር ዛፍ ለማዳበሪያ ዕዳ ሲቆረጥ

ባሕር ዳር፦ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. በደመወዝ የሚተዳደር ሠራተኛ ጡረታው የት እንዳለ ያውቃል። በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል፤ ገንዘቡም የመጦሪያ ዕድሜው እስኪደርስ ድረስ ከእጁ ርቆ ይቀመጣል። ኑሮ ሲከብደው ይበደራል፣ የእቁብ ዕጣ እንዲቀደምለት ይለምናል፣ ዘመድ ያስቸግራል እንጂ ጡረታውን አውጥቶ ዘይት አይገዛበትም።

የገበሬው ጡረታ ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ የለውም። በማሳ ዳር የቆመ ባሕር ዛፍ፣ በበረት የታሰረ ወይፈን፣ በይዞታ ደብተር የሰፈረ መሬት ነው። አርሶ አደሩ ጉልበቱ በደከመ ጊዜ ዛፉን በቁሙ ሸጦ፣ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ፣ ከልጆቹ አንዱን ጧሪ አድርጎ ሊኖር ያስባል። ይህ ጥሪት በማንኛውም የገበያ ቀን ሊሸጥ የሚችል ነው። ሲሸጥም ከተለመደው ግብይት የተለየ መልክ ስለሌለው፣ አንድ ቤተሰብ የነገ መጦሪያውን ዛሬ እየበላ መሆኑን የሚመዘግብ መዝገብ የለም። የማዳበሪያ ዕዳና የኑሮ ወጪ ሲደራረቡ ግን የሚነካው ይኸው ነው።

ወጪው ከየት መጣ ለሚለው ምላሹ ብዙም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ የአፈር ማዳበሪያን የምትገዛው ከውጭ በዶላር ነው። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር በዓለም ገበያ አስቀድሞ የናረው የማዳበሪያ ዋጋ ይበልጥ ወጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መንግሥት ከማዳበሪያው ዋጋ የተወሰነውን በድጎማ ቢሸፍንም፣ ገበሬው ከመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ኩንታሉን የሚያነሣበት ዋጋ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በዚህ ላይ የዘይቱ፣ የሳሙናው፣ የመድኃኒቱና የትራንስፖርቱ ዋጋ አለ። ልጁን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ወረዳው ከተማ የላከ ቤተሰብ የቤት ኪራይና ስንቅ ይጨመርበታል።

በከተማ በተደጋጋሚ የሚሰማ ክርክር አለ፤ የእህል ዋጋ ስለናረ ገበሬው ተጠቅሟል የሚል። ብዙ መሬት ላለውና እህሉን ጎተራ አኑሮ ገበያውን መጠበቅ ለሚችል ገበሬ ይህ እውነት ነው። ከአንድ ሄክታር ብዙም የማይበልጥ ማሳ ላለው ግን ነገሩ ይገለበጣል። እርሱ በታኅሣሥና በጥር ሻጭ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ሸማች ነው። የእህል ዋጋ ዝቅ የሚለው እርሱ ሲሸጥ፣ ከፍ የሚለው እርሱ ሲገዛ ነው።

በሰኔ በዱቤም ሆነ በብድር የተወሰደ የማዳበሪያ ገንዘብ የሚጠየቀው ምርቱ ከአውድማ እንደገባ ነው። ያን ጊዜ ባለዕዳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚወጣ ዋጋው ይወድቃል። ለስሌት ያህል ብቻ፣ የ20,000 ብር ዕዳ ያለበት ገበሬ በጥር አንዱን ኩንታል ጤፍ በ8,000 ብር ቢሸጥ ሁለት ኩንታል ተኩል ይሄድበታል፤ እስከ ሐምሌ ቆይቶ በ10,000 ብር ቢሸጥ ግን ሁለት ኩንታል ይበቃው ነበር። ልዩነቱ ግማሽ ኩንታል ነው፤ ክረምት ላይ ከነጋዴ በውድ ዋጋ ተመልሶ የሚሸመተውም ይኸው ግማሽ ኩንታል ነው። ይህ ወለድ ተብሎ በማንኛውም የብድር ውል ላይ አልተጻፈም፤ ከተጻፈው ወለድ በላይ የሚከፈልበት ጊዜ ግን ጥቂት አይደለም።

በደጋማው አካባቢ ሌላም የተደበቀ ኪሳራ አለ። አፈሩ አሲዳማ በሆነበት ማሳ በማዳበሪያ የተጨመረው ፎስፈረስ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ይያያዝና ለሰብሉ ሥር አይደርስም። መፍትሔው ኖራ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል፤ ነገር ግን ኖራ በሄክታር በርካታ ኩንታል የሚፈልግና ለማጓጓዝ የሚከብድ በመሆኑ በሚፈለገው መጠን ማሳ ላይ አልደረሰም። ገበሬው እንግዲህ ሰብሉ ለማይበላው ምግብ ዕዳ ይገባል ማለት ነው። የማዳበሪያ አቅርቦት በኩንታል ብዛት ብቻ ሲለካ ይህ አይታይም።

ዕዳው ከምርቱ ሲበልጥ ጥሪት መሸጥ ይጀመራል፤ እርሱም ቅደም ተከተል አለው። ዶሮና እንቁላል ለጨውና ለቡና ይሄዳሉ። በግና ፍየል ለልብስ፣ ለደብተር፣ ለጤና መድኅን መዋጮ ይሆናሉ። ቀጥሎ ተራው የዛፉ ነው። ባሕር ዛፍ በለጋነቱ ቢቆረጥ ማገርና አጠና እንጂ ወራጅ አይወጣውም፤ ጥቂት ዓመታት ቢታገሡት ግን ያው ግንድ ብዙ እጥፍ ያወጣል። የጨነቀው ሻጭ በቁሙ ለነጋዴ ሲሰጠው እነዚያን የቀሩ ዓመታት አብሮ ሸጠ ማለት ነው። ዛፍ በራሱም አስተማማኝ ባንክ አይደለም። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ለብዙ ቤተሰብ የቁጠባ ደብተር ሆኖ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት የገባው የዝገት በሽታ ግን ያን ቁጠባ ጎድቶታል።

በሬ ሲሸጥ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በደህናው ጊዜ ገበሬ በሬውን የሚሸጠው ለጥቂት ዓመታት አርሶበት፣ አደልቦ፣ በምትኩ ወይፈን ገዝቶ ትርፉን ለማስቀረት ነው። በዕዳ ምክንያት ሲሸጥ ወይፈኑ አይተካም። አንድ በሬ የቀረው ሰው እንደ እርሱ አንድ ያለው ጎረቤት ፈልጎ ይቀናጃል፤ እርሻው በተራ ስለሚሆን የዘር ወቅት ሊያልፍበት ይችላል። ምንም ያልቀረው ደግሞ መሬቱን ጥማድ ላለው ለእኩል ይሰጣል። አምና ሙሉውን ያስገባ የነበረ ቤተሰብ ዘንድሮ ግማሹን ብቻ ያስገባል፤ የሚመገበው ሰው ቁጥር ግን ያው ነው።

ይህን ሁሉ የሚያፋጥን ማኅበራዊ ነገርም አለ። ብዙው የገጠር ብድር የሚሰጠው በቡድን ዋስትና ነው። አንዱ ካልከፈለ ዕዳው በጓደኞቹ ላይ ይወድቃል። ከጎረቤት ፊት ማፈር በገጠር ቀላል ነገር ስላልሆነ፣ ባለዕዳው በሬውን ሸጦም ቢሆን ይከፍላል። በአበዳሪው መዝገብ ብድሩ ያለ ችግር ተመለሰ ተብሎ ይጻፋል። መልካም የተባለ የብድር አመላለስ የስንት በሬ ዋጋ እንደሆነ ግን ሪፖርቱ አይናገርም።

የመጨረሻው መሬቱ ነው። በአማራ ገጠር ወለድ አገድ የሚባለው ልማድ አሁንም ሰው የሚጠጋበት ነው። ባለመሬቱ ገንዘብ ይቀበላል፤ አበዳሪው በወለድ ፈንታ መሬቱን ያርሳል፤ ዋናው ገንዘብ እስኪመለስም ምርቱ የእርሱ ነው። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፤ ዋናውን ለመመለስ የሚያስችለው ገቢ ይወጣ የነበረው ከዚያው ከተያዘው መሬት ነው። ውሉ ብዙውን ጊዜ በሽማግሌ ፊት በቃል ወይም በቁራጭ ወረቀት ስለሚፈጸም ማብቂያው አይታወቅም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለፋይናንስ ተቋም በዋስትና እንዲያስይዝ ፈቅዷል። ጊዜው በጽሑፍ የተወሰነና የተመዘገበ በመሆኑ ከወለድ አገድ የሚሻል መንገድ ነው። ለ60 ዓመት አዛውንት ወይም መሬቷን ለእኩል ሰጥታ ለምትኖር መበለት ግን የሚያዘው መሬት የእርሻ ካፒታል ብቻ አይደለም፤ የዕለት እንጀራቸውም ነው። ብድሩን የሚያጸድቀው ባለሙያ ይህን ልዩነት ሊጠይቅ ይገባል።

የጥሪት መሟጠጥ ለመንግሥት አዲስ ጉዳይ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከዓላማዎቹ አንዱ ቤተሰቦች በክፉ ቀን ጥሪታቸውን እንዳይሸጡ መከላከል ነበር። ፕሮግራሙ የታቀደው የምግብ ክፍተት ላለባቸው ወረዳዎች ነው። ደመወዝተኛው ጡረታ አለው፤ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያም የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ለድኻው ሴፍቲኔቱ አለ። በመካከል የቀረው፣ ትርፍ አምራች በሚባለው ወረዳ የሚኖረውና የሚሸጥ ነገር ያለው ገበሬ ነው። የሚሸጥ ነገር ስላለው ችግረኛ አይባልም፤ ችግረኛ የሚባለው ሸጦ ሲጨርስ ነው።

ስለ ገጠር ዕዳ ሲነሣ ሠርግና ተዝካር ይወቀሳሉ። ወቀሳው መሠረት የለውም አይባልም፤ በጥርና በየካቲት የሚደገሰው ድግስ የስንቱን ጎተራ እንደሚያራቁት ገበሬውም ያውቃል። ድግሱ ግን ማዳበሪያ በዶላር ከመወደዱ በፊትም ነበረ። አሁን የተለወጠውን ነገር በነባሩ ልማድ ማስረዳት ለስብከት እንጂ ለመፍትሔ አይመችም።

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ እርምጃዎች አሉ። የመጀመሪያው የመክፈያውን ቀን ማንቀሳቀስ ነው። ጤፍ ነቀዝ የማያጠቃው እህል ስለሆነ፣ ዕዳው ከጥር ወደ ግንቦት ቢሻገር ገበሬው ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊያቆየው ይችላል። በቆሎ ግን ነቀዝ ስለሚያጠቃው አየር የማያስገባ ከረጢት ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ያስፈልገዋል። ዩኒየኖች በመኸር ወቅት እህሉን ተረክበው ከፊል ክፍያ ቢሰጡና ቀሪውን ዋጋው ሲሻሻል ቢያስቡለት፣ ዕዳውም ይከፈላል፣ በሬውም በበረቱ ይቆያል። ለዚህ በመኸር ወራት የሚንቀሳቀስ ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል፤ ባንኮች ለግለሰብ ገበሬ በሰኔ ከሚሰጡት ብድር ጋር አብረው ሊያዩት የሚገባው ይህንን ነው። የቀበሌ የመሬት አስተዳደር ባለሙያዎችም በቃል የተደረጉ የወለድ አገድ ውሎችን ማብቂያቸው ወደሚታወቅ የተመዘገበ ኪራይ ለማዞር ከሚያዝያ በፊት ያሉትን ወራት ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ፤ እርሻው ከተጀመረ በኋላ መሬቱን ከአራሹ ማስለቀቅ ለሁለቱም ወገን ጠብ ነውና።