ፋፍቷል ወይስ ታሟል?

አንባቢ ሆይ! ዘመድ ልትጠይቅ ከሄድክበት ቤት አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ድንቡሽቡሽ ብሎ መጥቶ ሰላም ቢልህ ምን ትላለህ? ጉንጩን ቆንጠጥ አድርገህ «ማሻአላህ፣ እንዴት ፋፍቷል!» ትላለህ። እናቱ ፊቷ ይበራል። አያቱም «አልሐምዱሊላህ፣ ይበላልኛል» ይላሉ። ከዚያም አንድ ሳምቡሳ ይጨመርለታል። ልጁ ሁለት ፎቅ ሲወጣ እንደ ሽማግሌ እንደሚያለከልክ፣ ሌሊት እንደሚያንኮራፋ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ቡድን ሲከፋፈል ማንም እንደማይመርጠው ግን በዚያ ሳሎን የሚያነሳ የለም።

እኔም አላነሳሁም ነበር። የምጽፈው የራሴን ቤት ይዤ ነውና ሌላውን የምነቅፍ እንዳይመስልህ።

በእኛ ዘንድ «ፋፋ» ማለት ምርቃት ነው፤ ለሕፃናት የሚዘጋጀውን ዱቄት እንኳ በዚሁ ስም ጠርተነዋል። «ከሳ» ሲባል ግን ሁላችንም እንደነግጣለን። ይህ ከየት እንደመጣ የወሎ እናት ያለው ሰው አይጠፋውም። እናቴ የ1966ቱንም የ1977ቱንም ረሀብ በዓይኗ አይታለች። የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ልጅ ለእሷ ነገ የሚቀበር ልጅ ነው። እንዲህ ያለች ሴት የልጅ ልጇን ሰሃን ሁለቴ ብትሞላ ፍቅሯም ፍርሃቷም ነው የሚሞላው። ይህን ሳይረዳ «አላዋቂ» የሚላት ሰው አላዋቂው ራሱ ነው። የእኔና የአንተ ጥፋት ግን ከእሷ ይከፋል። እኛ ረሀቡን ሳናይ ፍርሃቱን ብቻ ወረስን፤ በዚያ ላይ ከሱቅ የሚገዛውን ሁሉ ጨመርንበት።

አንዳንዱ ወንድሜ እዚህ ላይ ይቆጣል። «በሀገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ መቶ ልጆች 37ቱ የቀነጨሩ መሆናቸውን የ2019ኙ እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ተናግሮ ሳለ፣ አንተ ስለ ውፍረት ታወራለህ? ይህ የሀብታም ወሬ ነው!» ይላል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ በዚያው ጥናት ክብደታቸው ከልክ ያለፈው ሕፃናት ከመቶ ሁለት ብቻ ነበሩ። ነገር ግን ወንድሜ፣ ሁለቱ ችግሮች ጠላቶች መስለውህ ከሆነ ተሳስተሃል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ እህትማማቾች ናቸው። በሕፃንነቱ ሽሮና እንቁላል፣ ጎመንና ወተት ሊያገኝ ሲገባው በብስኩትና በጣፋጭ ሻይ የተደለለ ልጅ ቁመቱ ሊቀጭጭ፣ ወገቡ ሊሰፋ ይችላል። ሆዱ ሞልቶ አካሉ ግን ተርቧል። ዓለምን ብታይ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ1990 እ.ኤ.አ. ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆች ከመቶ ስምንቱ ብቻ ነበሩ ከልክ ያለፈ ክብደት የነበራቸው፤ በ2022 ከመቶ ሃያ ሆነዋል። ይህ ማዕበል አዲስ አበባ ሲደርስ የኬላ ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስልሃል?

እስኪ ለስላሳውን እንመልከት። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ የኮላ ቆርቆሮ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ወደ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከአሥር እጅ አንዱን እንዳይደርስ ይመክራል። በቀን 1500 ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ ይህ 37 ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ አንዷን ቆርቆሮ ከጠጣ የቀኑ ድርሻው አለቀ ማለት ነው። ሻዩስ? ከረሜላውስ? ከዓረብ ሀገር በካርቶን የሚላከው የዱቄት ጁስና ቸኮሌትስ? ያቺ እህት በሰው ቤት ደክማ ያገኘችውን ለልጇ ስትልክ አንጀቷን ነው የምትልከው፤ እሷን የሚወቅስ ምላስ የለኝም። እዚህ ተቀብሎ ካርቶኑን ልጁ ፊት የሚዘረግፈው ግን እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ ወደሚያሳፍረን እንምጣ። ልጁ አንድ ሱራ በቃሉ ሲይዝ ምን እንሰጠዋለን? ከረሜላ። ጁዝእ ሲጨርስ? ኬክና ለስላሳ። በረመዷን ለሙከራ እስከ ዙህር የጾመውን ልጅ በኢፍጣር ሰዓት በዘይት በተጠበሰና በስኳር በተለወሰ እንክሰዋለን። ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ በሦስት መክፈልን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስተማሩ ቲርሚዚ የዘገቡትን ሐዲስ ለልጁ በቃል እናስጠናዋለን፤ በትክክል ሲወጣው ቸኮሌት እንሸልመዋለን! በዚህ የምንስቅ ከሆነ በራሳችን ነው የምንስቀው።

ሴት ልጆቻችንስ? ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት «ትልቅ ሰው ሆነሻል» ብለን ከደጅ እናስገባታለን፤ ከቴሌቪዥንና ከስልክ ፊት እናስቀምጣታለን። ሐያእ የሚባለው ይህ ነውን? እናታችን ዓኢሻ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ከነቢዩ ጋር በሩጫ እንደተወዳደሩ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነቱን የሚያሞቅ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። ሜዳው ሁሉ ሕንፃ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የግቢው ገመድ ዝላይ፣ በእግር ወደ መስጊድና ወደ ቂርአት ቤት መሄድ፣ ውኃ መቅዳት፣ ምንጣፍ ማራገፍ አልተከለከለም።

ከሁሉ የሚከፋው ፌዛችን ነው። ያው «ፋፍቷል» ያልነው ልጅ አሥራ ሁለት ሲሞላው «ቦርጮ» እንለዋለን፤ አጎቶቹ በእንግዳ ፊት ይስቁበታል። በሱረቱል ሑጁራት መሳለቅም በመጥፎ ስም መጠራራትም መከልከሉን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ልጁ ሰሃኑን የሞላው ራሱ አይደለም። ያፈረ ልጅ ደግሞ ተደብቆ ይበላል፣ ከጨዋታም ይርቃል፤ ውፍረቱም ይብስበታል።

ታዲያ ይራብ? በፍጹም! ልጅ እያደገ ያለ አካል ነው፤ ምግብ መከልከል፣ ለመክሳት ብሎ ማስጾም ጉዳት ነው። ብዙ ጊዜ ሐኪም የሚፈልገው ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ እንዲደርስበት ነው። በዓይን ግምትም አይፈረድም፤ ክብደቱና ቁመቱ ከዕድሜውና ከጾታው ጋር ይመዘናል። የሚያንኮራፋ፣ አንገቱ እየጠቆረ የሚወፍር፣ ብዙ የሚጠማውና ቶሎ ቶሎ የሚሸና ልጅ ግን ሳይውል ሳያድር ይመርመር፤ የትልቅ ሰው ይባል የነበረው ስኳር በሽታ ዛሬ ልጆችንም ይይዛል። እንቅልፉንም አትናቅ። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ከአባቱ ጋር ፊልም እያየ የሚያመሽ ልጅ ደግሞ እያመሸ ይበላል። የገበታው ለውጥ ቢኖርም የቤቱ ሁሉ ይሁን። አባት ለስላሳውን እየጠጣ ልጁን «ውኃ ጠጣ» ቢል ማን ይሰማዋል?

ባለፈው ዒድ ማግስት ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። ሙግቱ ረጅም ነበር። «ልጁን ልታስርበው ነው?» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ ለስላሳው ከቤት እንዲወጣ ተስማማች፤ «እሱስ ድሮም አልነበረም» አለች። ልጁ ዐስር ሶላት ላይ ከእኔ ጋር በእግሩ እንዲሄድም ፈቀደች። ሁለተኛው ሰሃን ላይ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ትናንትም ማታ፣ እኔ ለውዱእ ስነሳ፣ ጭልፋዋን አነሳች።