በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት፦ «የመራጩ ሥራ ድምፅ መስጠት ብቻ ነው» ለሚሉ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ምርጫ ማጭበርበር በተነሳ ቁጥር አንድ አስተያየት አይጠፋም። መራጩ ተመዝግቦ፣ ተሰልፎ፣ ወረቀቱን ኮሮጆ ውስጥ ከከተተ ድርሻውን ተወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁን መጠበቅ የምርጫ ቦርድ፣ የፓርቲ ወኪል፣ የታዛቢና የፍርድ ቤት ሥራ ነው ይባላል። በምሁራኑ ጽሑፍም ነገሩ ብዙ አይለይም። ስለ ዓለም አቀፍ ታዛቢዎች፣ ስለ ባዮሜትሪክ መሣሪያና ስለ ሕግ ማሻሻያ ገጽ በገጽ ሲጻፍ፣ ተራው ሰው የሚታየው ወይ ድምፁ የተሰረቀበት ወይ በጉቦ የተገዛ ሆኖ ነው። አስተያየቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ጉልበተኛ በሚፈራበት ቀበሌ ለሚኖር ገበሬ «ድምፅህን ጠብቅ» ማለት ሸክሙን ከባለሥልጣን ትከሻ አውርዶ ደሃ ላይ መጫን ሊመስል ይችላል። ድምዳሜው ግን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ስርቆቱ በብዛት የሚፈጸምበትን ቦታ አያይም።

እኛ አገር «ኮሮጆ ተገለበጠ» ማለት ስለለመድን፣ ማጭበርበር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ኮሮጆው ነው። ኮሮጆው አጠገብ ግን ብዙ ዓይን አለ፤ አስፈጻሚው፣ ወኪሉ፣ ታዛቢው፣ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሕዝብ። ዓይን የሚሳሳው ቆጠራው አልቆ ውጤቱ ቅጽ ላይ ከሰፈረ በኋላ ነው። ቅጹ ተጭኖ ወደ ምርጫ ክልል ይሄዳል፤ እዚያ ከብዙ ጣቢያዎች ቅጾች ጋር ይደመራል። 114 የነበረውን 714 ለማድረግ አንድ ጭረት ይበቃል። በማላዊ የሆነው ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ የውጤት ቅጾች በነጭ ማጥፊያ ቀለም ተደልዘው ተገኙ፤ ፍርድ ቤቱም በየካቲት 2020 ምርጫውን ሰረዘው። በድጋሚ ምርጫው አሸናፊው ሌላ ሰው ሆነ።

ስርቆቱ ድመራው ላይ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ከድመራው በፊት የነበረው ቁጥር በሌላ ሰው እጅ መኖሩ ነው። ይህ እንዲያው ግምት አይደለም። ማይክል ካለንና ጄምስ ሎንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በተካሄደው የአፍጋኒስታን የፓርላማ ምርጫ ፈትነውታል። በዕጣ ለተመረጡ ጣቢያዎች ኃላፊዎች ደብዳቤ ተሰጣቸው። በማግስቱ በር ላይ የምትለጥፉት ውጤት ፎቶ ይነሳል፣ ማዕከሉ ከሚያወጣው ቁጥር ጋርም ይመሳከራል የሚል ነበር። ደብዳቤው በደረሰባቸው ጣቢያዎች የምርጫ ሰነድ ስርቆት በ60 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ከአስፈጻሚዎች ጋር ትስስር ያላቸው ዕጩዎች የሚያገኙት ድምፅም በ25 በመቶ ገደማ ወረደ። ፎቶ ማንሳት ሕግ መማር አይጠይቅም፤ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ይችለዋል። ኃላፊውን የገታውም ካሜራው ራሱ ሳይሆን የሚያመሳክር ሰው እንዳለ ማወቁ ነው።

ኬንያ ደግሞ ይህ ነገር በአገር ደረጃ ምን እንደሚመስል በአምስት ዓመት ልዩነት አሳይታናለች። በነሐሴ 2017 (እ.ኤ.አ.) የምርጫ ኮሚሽኑ የጣቢያ ውጤት የሚሞላበት ቅጽ 34ኤ ሙሉ በሙሉ እጁ ሳይገባ አሸናፊ አወጀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰርቨሩ እንዲታይ ቢያዝም ኮሚሽኑ እንደታዘዘው አልከፈተም፤ ምርጫው መስከረም 1 ቀን ተሰረዘ። በ2022 ግን ከ46 ሺህ የሚበልጡት ጣቢያዎች ቅጾች በየሰዓቱ ለማንም ክፍት በሆነ ድረ ገጽ ይለጠፉ ነበር። ጋዜጠኛው፣ ተማሪው፣ ቤቱ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይደምር ጀመር። ውጤቱ ሊታወጅ ሲል ከሰባቱ የኮሚሽኑ አባላት አራቱ «አንቀበለውም» ብለው ወጡ። ልዩነቱ ወደ 233 ሺህ ድምፅ ብቻ ነበር፤ አገር ለማቃጠል የሚበቃ ጠብ ነው። ያን ጊዜ ኬንያውያን የተከፈሉትን ባለሥልጣናት አፍ ብቻ እያዩ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም፤ ወረቀቱ እጃቸው ላይ ነበር። ፍርድ ቤቱም የተለጠፉትን ቅጾች ከዋናዎቹ ጋር አስመሳክሮ ይህ ነው የሚባል ልዩነት ስላላገኘ ውጤቱን በሙሉ ድምፅ አጸናው። ሰው ቁጥሩን መያዙ ሌባን ለማጋለጥ ብቻ ሳይሆን፣ ያልተሰረቀን ምርጫ «ተሰርቋል» ከሚል ወሬ ለማዳንም እንደሚያገለግል የሚዘነጋ ብዙ ነው።

የሚነሱት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። አንደኛው፣ ፎቶ ራሱ የሐሰት ወሬ መሣሪያ ይሆናል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ስለዚህ የጣቢያው ስም፣ የአስፈጻሚዎቹ ፊርማና ማህተሙ የማይታዩበትን ፎቶ ማሰራጨት ወሬ መንዛት ነው። ሌላው የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድምፅ መስጫው ክፍል ውስጥ የራስን ወረቀት ፎቶ ማንሳት ድምፅን መጠበቅ ሳይሆን ለድምፅ ገዢ ደረሰኝ መቁረጥ ነው። ምስጢሩ ውስጥ ይቅር፤ ይፋው በር ላይ ያለው ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሦስተኛው ነው። ጣቢያው ራሱ በፍርሃት የተያዘ ከሆነ የተለጠፈው ወረቀት ያንኑ ፍርሃት ነው የሚያሳየው። እኛ አገር በ2002 ዓ.ም. ያኔ ገዥ የነበረው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ መቀመጫ 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም ወሰዱ። እንዲህ ያለውን ውጤት ለመመርመር ከቆጠራው በፊት የነበረውን፣ ማን እንደታሰረና ማን ለመወዳደር እንደፈራ ማየት ግድ ይላል፤ የበር ላይ ፎቶ ብቻውን አይበቃውም። ቢሆንም መራጩ እዚያም ምስክር ከመሆን አይወጣም። ዕድርተኛ ማን እንደሞተና ማን እንደተሰደደ ያውቃል፤ የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ ሲገለጥ የሌለን ሰው ስም ከማንም ታዛቢ ቀድሞ የሚለየው እሱ ነው። ሰልፉ ስንት ሰዓት እንደፈጀ የሚያውቀውም የተሰለፈው ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘሁትም። ሰኔ 14 ቀን 2013 አዲስ አበባ ውስጥ ሰልፉ ስላላለቀ ድምፅ መስጫው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሞ ነበር። በማግስቱ ጠዋት በመረጥኩበት ጣቢያ በኩል ሳልፍ አንዲት እናት የተለጠፈው ወረቀት ፊት ቆመዋል። «ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ፤ መነጽሬን አልያዝኩም» አሉኝ። የዕጩዎቹን አነበብኩላቸው። በጣታቸው እየቆጠሩ ሰሙኝና «የተበላሸውስ ስንት ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። «ሁሉም ሲደመር ስንት ይመጣል? ትናንት እኮ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነበርኩ፤ የመጣውን ሰው አይቻለሁ።» ቆመን ደመርን። ተመራማሪ ከሚያቀርበው ጥያቄ አንዱንም አላስቀሩም።

ኪሴ ውስጥ ስልክ ነበረኝ፤ ወረቀቱን ግን ፎቶ አላነሳሁትም። ምርጫውን ያስተማሩን ሰዎች ካርድ እንዴት እንደሚወጣና ምልክት የት እንደሚደረግ ነግረውን ነበር፤ ያ ወረቀት የእኛም ሰነድ እንደሆነ ግን ማንም አልነገረን። እሳቸው «በል፣ እግዜር ይስጥህ» ብለው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ዘነበ፤ በማግስቱ ሳልፍ ከግድግዳው ላይ የቀረው ማጣበቂያው ብቻ ነበር።