የአዲስ አበባን አየር ማን ይለካ?

መጀመሪያ የራሳችን መለኪያ

አሜሪካ በየኤምባሲዎቿ የተከለቻቸውን የአየር መለኪያዎች ንባብ ለሕዝብ ማሰራጨቷን በየካቲት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ አቆመች። ምክንያቱ የበጀት እጥረት ነው ተባለ። ለዓመታት በየሰዓቱ ይወጣ የነበረው የአዲስ አበባ ደቃቅ ብናኝ ቁጥርም አብሮ ቀጥ አለ። ተመራማሪው ጥናቱን የሚሠራበት፣ ጋዜጠኛው የሚጠቅሰው ቁጥር ነበር። ውሳኔው የተላለፈው ዋሽንግተን ነው፤ እኛን የጠየቀን የለም፤ ሊጠይቁንም አይገደዱም። ዕቃው የነሱ ነዋ!

ትብብር አልጠላም። የሚያንገሸግሸኝ እዚህ አገር የለመድነው ዓይነት ትብብር ነው። ፕሮጀክት ይመጣል፣ ሴንሰር ይሰቀላል፣ ወርክሾፕ ይካሄዳል፣ አበል ይከፈላል፣ ባነሩ ሥር ፎቶ ይነሣል። ዳታው ባሕር ማዶ ወዳለ ሰርቨር ይሄዳል፤ የእኛው ባለሙያ የገዛ ከተማውን ቁጥር ለማየት የይለፍ ቃል ይለምናል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሴንሰሩ ምሰሶው ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል፤ የሲም ካርዱን ሒሳብ እንኳ የሚሞላለት የለም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል። መብቱ መከበሩ የሚታወቀው በሌላ አገር በጎ ፈቃድ ከሆነ ምኑን መብት ሆነ? የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎቻችን ዝናብና ሙቀት ሲመዘግቡ ስንት ዘመናቸው! ብናኙንም መመዝገብ አያቅታቸውም። የጎደለው በየዓመቱ የሚያዝ በጀት ነው። እሱ ይቅደም፣ አጋሩ ከዚያ ይምጣ።

ብቻችንን ለክተን ማን ያምነናል?

ባልደረባዬ ስለ ዕቃው ባለቤት አብዝተው ጽፈዋል፤ ስለ ዕቃው ግን ምንም አላሉም። እኔ ከዚያ ልጀምር።

ኤምባሲዎቹ የሚጠቀሙበት ዓይነት መለኪያ ከጣሪያ በላይ በወጣ ቱቦ በደቂቃ 16.7 ሊትር አየር ይስባል። ብናኙ ጥቅል የማጣሪያ ጥብጣብ ላይ ያርፋል። መሣሪያው በጥብጣቡ ውስጥ የቤታ ጨረር ያሳልፍና፣ ብናኙ ምን ያህሉን ጨረር እንዳስቀረ አይቶ ክብደቱን ያሰላል። ከዚያ ጥብጣቡ ትንሽ ይሽከረከርና ለቀጣዩ ሰዓት ንጹሕ ቦታ ይቀርባል። ጥቅሉ ሁለት ወር ገደማ ቢቆይ ነው፤ አልቆ ካልተተካ ቁጥር የለም። ጥብጣቡ ደግሞ መርካቶ አይሸጥም። የውጭ ምንዛሪ ተፈቅዶ፣ ጉምሩክ አልፎ እስኪደርስ የባልደረባዬ «የራሳችን መለኪያ» ስንት ወር ይተኛ?

ርካሹ ሴንሰርስ? ጭብጥ ቢያህል ነው። በሌዘር ብርሃን ብናኝ ይገምታል፤ ነገር ግን እርጥበት ያሳስተዋል። ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያበጠውን ቅንጣት፣ ጉሙን ሳይቀር፣ ብናኝ ነው ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ ከትልቁ መሣሪያ ጎን ተቀምጦ ንባቡ መታረም አለበት። አራሚውን ማን ያርመው ከተባለ፣ ያኔ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል።

በ2017ቱ ጉዳይም የረሱት ነገር አለ። ኦፕንኤኪው የተባለው ዓለም አቀፍ የዳታ ቋት የኤምባሲዎቹን ንባብ ሲቀዳ ስለኖረ የቀደሙት ዓመታት ቁጥር አልጠፋም። አንድ ባለቤት የዘጋውን በር ክፍት ያቆየው እሳቸው የሚጠረጥሩት ትብብር ነው። ቁጥር ሲከፋ መሳቢያ ውስጥ እንደሚቆለፍ ለዚህ አገር ሰው መንገር ደግሞ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግልባጩ ናይሮቢም ሎንዶንም ካለ መሳቢያውን መቆለፍ ምን ይፈይዳል?

ካምፓላን እንይ። በማካሬሬ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው ኤርኪው ሴንሰሩን ለአገሩ አቧራና ሙቀት እንዲመች አድርጎ እዚያው ነድፎታል፤ በቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ሳይቀር ሰቅሎታል። ጉግል በገንዘብ ደግፎታል። ባለቤትነቱ ግን ከኡጋንዳውያን እጅ አልወጣም።

የመጀመሪያው ጸሐፊ ምላሽ

ካምፓላ እኮ የእኔ ምስክር ናት! መጀመሪያ ሰው ነበራት፣ ገንዘቡ ተከተለ። ቤጂንግንም ልጨምር። የአሜሪካ ኤምባሲ በ2008 እ.ኤ.አ. እዚያ መለካት ሲጀምር ቻይናውያን ተቆጡ። ኋላ ግን አልለመኑም፤ በ2012 የራሳቸውን የደቃቅ ብናኝ ደረጃ አወጡ፣ በ2013 በ74 ከተሞች በራሳቸው ጣቢያ የለኩትን ማሳወቅ ጀመሩ።

የመሳቢያው ነገር ግን ልክ ነው፤ አልከራከርም። የሰዓቱ ንባብ በሰዓቱ ለሕዝብ ይውጣ የሚል ደንብ ይውጣ፤ ግልባጩም የትም ይሂድ። ከአጋር ጋር የምንፈርመው ውል ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይጻፍ። ዋናው ዳታ አዲስ አበባ ይቀመጥ፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መሣሪያው ከነመለዋወጫው ለእኛ ይቅር። ይህን የማይፈርም አጋር ቢቀርብን ይሻላል።

የሁለተኛዋ ጸሐፊ ምላሽ

ሁለቱም ይጻፉ፤ እኔም እፈርማለሁ። «ቢቀርብን ይሻላል» የሚለው ላይ ግን እንለያያለን። ቤጂንግ ገንዘብ ነበራት፤ እኛ በጀቱ እስኪፈቀድ የሚያልፈውን ጊዜ ማን ይመዘግበዋል? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። አየሩን ያጠራው ይሆን፣ ወይስ ብናኙ ከአሮጌው አውቶቡስና እንጀራ ከሚጋገርበት እንጨት ስለሚመጣ ብዙም አይለወጥ? ይህን ለማወቅ የክልከላው ማግስት ዓመታት ሳይቆራረጡ መመዝገብ አለባቸው። ያልተለካ ዓመት ኋላ ተመልሶ አይለካም። ውሉ የማይጥመው አጋር ዛሬ ሴንሰር ይዞ ቢመጣ፣ እኔ ሴንሰሩን አሰቅላለሁ፤ ስለ ውሉ ከዚያ በኋላ እጨቃጨቃለሁ።