ዘመኑን የሳተ ካሚዮን

ያለፉትን ጦርነቶች በጥቃቅን ወታደሮችና በጥቃቅን መኪናዎች አምሳል በጠረጴዛ ላይ መጫወት በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ወዳጅ ያለው ጨዋታ ነው። ታሪክ ያስተምራል ይባልለታል፤ ነገር ግን የሚያስተምረው ዕቃው በጥንቃቄ ሲመረጥ ነው።

ለምሳሌ የኢጣልያን ጦር ካሚዮን እንመልከት። ላንቺያ ትሬ ሮ ዓይን ይስባል። ሆኖም ይህ መኪና የወጣው በ1938 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ፊያት 626 ደግሞ በ1939 ነው። ስለዚህ ሁለቱም ለሊቢያ በረሃ ውጊያ ይስማማሉ እንጂ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ለወረረው ጦር አይሆኑም። ለዚህኛው የሚገባው ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ከባዱ ፊያት 634 እና የትሬ ሮ ቀዳሚ የሆነው ላንቺያ ሮ ነው።

ሰልፉን በኢጣልያን ሥራ ብቻ መሙላትም ስሕተት ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በተነሡት ከ1500 በሚበልጡ መኪናዎች መካከል የአሜሪካ ፎርድም ነበረ። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተቈርጦ ስለ ቈያቸው፣ ወታደሮቹ መንገዱን መጠገንና መኪናዎቹን በጭቃ ውስጥ በእጃቸው እየጐተቱ ማውጣት ግድ ሆነባቸው።

«ጨዋታ አይደለምን? ምን ቸገረ?» የሚል ይኖራል። የሚቸግረውስ ይህ ነው፤ ዘመኑ ያልሆነ መኪና በለሰለሰ መንገድ ላይ የሚነዳ ወጣት፣ ወራሪው ያለ አንዳች እንቅፋት የገባ ይመስለዋል። መንገዱን የቈረጡት ሰዎች ሥራም ከትዝታ ይፋቃል።

እንግዲህ መራጭ አስቀድሞ ዓመቱን፣ ቀጥሎም መንገዱን ይጠይቅ። የቀለሙ ነገር በመጨረሻ ይደርሳል።